የሰባት ቀን ውሃ

ጀውሀራ ላሊበላ የገባችው በየካቲት መጨረሻ፣ ረመዳን ሊጀምር ሁለት ቀን ሲቀረው ነው። የመጣችው ለሥራ ነበር። የከተማው ሰዎች ኮሚቴ አቋቁመው፣ የመዋኛ ገንዳና የቤት ውስጥ ስፖርት አዳራሽ በአንድ ጣራ ሥር ለማሠራት ተነሥተዋል፤ ንድፉን እንድታወጣ የተመረጠችው እሷ ናት። አርክቴክት ናት፤ አርባ ሁለት ዓመቷ። የተወለደችው ወገል ጤና ስለሆነ አገሩ አገሯ ነው ማለት ይቻላል፤ ነገር ግን መንገዱ አንድ ሰሞን ሲከፈት አንድ ሰሞን ሲዘጋ፣ እናቷን በዓይኗ ካየች ዓመት አልፏታል። የመጣችውም ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ነው።

ከዓመት ተመንፈቅ በፊት ብቻዋን ሠርታ አታውቅም። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ከባሏ ከያሲር ጋር ነበረች። እሷ ትነድፋለች፤ እሱ መሐንዲስ ነበርና ምሰሶውንና ብረቱን ያሰላል። ንድፏን ይዛ ስትቀርብ ያሲር መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣ የወረቀቱን ጫፍ በጣቱ መታ መታ እያደረገ፣ «ይሄ አይቆምም» ይላታል። ትጨቃጨቀዋለች። ያስረዳታል። ትኮርፋለች። በማግሥቱ ሌላ ይዛ ትመጣለች። ትምህርት ቤቱንም፣ መናኸሪያውንም፣ ጤና ጣቢያውንም ያቆሙት በዚህ ዓይነት ጭቅጭቅ ነው። ያሲር ኩላሊቱ ከድቶት ሲሞት በቢሮው የቀሩት ሁለት ወጣት ባለሙያዎች ናቸው። ጎበዞች ናቸው፤ ግን በጣም ያከብሯታል። የሰጠቻቸውን ሁሉ «እሺ» ብለው ይቀበላሉ። ጀውሀራ ምን እንዳጣች በልኩ የገባት በቀብሩ ቀን አልነበረም። አንድ ከሰዓት በኋላ ሆን ብላ ምሰሶ የጎደለው ሥዕል ሰጥታቸው «እሺ» ያሏት ጊዜ ነው።

ያረፈችበት ሆቴል ሠላሳ ስድስት ክፍል አለው። እንግዳዋ እሷ ብቻ ነበረች። ጎብኚ ከራቀ ዓመታት ሆኖታል። በመመገቢያ አዳራሹ ወንበሮቹ ሁሉ ጠረጴዛ ላይ ተገልብጠው ተሰቅለዋል፤ ለእሷ ሲባል መስኮት አጠገብ ያለችው አንዲት ጠረጴዛ ብቻ ወንበሯ ወርዶላታል። ምግብ የምትሠራው ባንችይርጋ የምትባል ቀጭን ሴት ናት። ዐቢይ ጾም ገብቶ ነበርና እሷም ትጾማለች።

«አንቺ ፀሐይ ስትገባ ታፈጥሪያለሽ፤ እኔ ከቅዳሴ መልስ እቀምሳለሁ» አለቻት በመጀመሪያው ቀን። «ድስቱ አንድ ነው። ሽሮ ነው፣ ምስር ነው፣ ጎመን ነው። ሥጋ እንዳትጠይቂኝ ብቻ።»

መግሪብ ሲደርስ ጀውሀራ ሦስት ተምር ሰሐን ላይ አድርጋ ትቀመጣለች። ማዶ ያለው ተራራ ቀስ እያለ ይጠቁራል። ባንችይርጋ ሾርባውን አስቀምጣላት ወደ ጓዳ ስትመለስ የማንኪያው ድምፅ ግድግዳ ነክቶ ይመለሳል። ለምን እንደሚመለስ ታውቃለች፤ ሥራዋ ነው። መጋረጃ የለም፣ ምንጣፍ የለም፣ ሰው የለም።

የኮሚቴው ሊቀ መንበር አቶ ደባሱ ነበሩ፤ ቀድሞ አስጎብኚ የነበሩ፣ አሁን ሥራ ፈተው የከተማውን ነገር ሁሉ ሥራዬ ብለው የያዙ ሰው። ቦታውን ያሳዩአት እሳቸው ናቸው። ከውቅር አብያተ ክርስቲያናቱ ራቅ ብሎ፣ ከከተማው ዳር፣ ወደ ሸለቆው የሚያዘቀዝቅ ድንጋያማ መሬት ነው።

«ሃምሳ ሜትር!» አሉ እጃቸውን ዘርግተው፣ ገንዳው እዚያው ፊታቸው የተዘረጋ ይመስል። «ዐሥር መስመር። በዚህ በኩል ሁለት ሺህ ተመልካች። በወዲያ መረብ ኳስ፣ ቅርጫት ኳስ፣ ቴኳንዶ። ከደሴም ከባሕር ዳርም ልጆቹ እዚህ መጥተው ይወዳደሩ። ይህ ከተማ የሚታወቀው ባለፈው ዘመኑ ብቻ ነው፤ እኛም ደግሞ አንድ ነገር እናቁም።»

ጀውሀራ በማስታወሻዋ ጻፈች። ስለ ሽቅቡ ነፋስ ጠየቀች፤ ስለ ዓለቱ ጥልቀት ጠየቀች። አቶ ደባሱ ሁሉንም «ይስተካከላል» አሏት።

በማግሥቱ አራጋው መጣ። የሁለተኛ ደረጃ የስፖርት መምህር ነው፤ ሃምሳ የተጠጋ፣ አንገቱ አጭር፣ ትከሻው ሰፊ። ኮሚቴው ውስጥ ዋና የሚያውቅ እሱ ነው ተብሎ ነበር የተነገራት።

«ነይ፣ ተማሪዎቼን ላሳይሽ» አላት። «ማን እንደሚገባበት ሳታዪ እንዴት ትሠሪዋለሽ?»

ትምህርት ቤቱ ደርሰው አንድ የክፍል በር ከፈተላት። አሥራ አራት ወንድና ሴት ተማሪዎች አግዳሚ ወንበር ላይ በሆዳቸው ተኝተው ክንዳቸውን በሰልፍ ያወራጫሉ። አንገታቸውን ወደ ጎን እያዞሩ ይተነፍሳሉ። አራጋው በጭብጨባ ይመታላቸዋል። «ቀኝ! ሳብ! ተንፍስ! ግራ! ሳብ!»

ጀውሀራ በሩ ላይ ቆማ አየች። ሲወጡ፣ «ውሃውስ? የት ነው የሚለማመዱት?» አለችው።

«አይለማመዱም።»

«እርስዎስ፣ መምህር?»

«እኔም አልችልም። ከመጽሐፍ ነው የተማርሁት። ወገቤን ያለፈ ውሃ ውስጥ ገብቼ አላውቅም።»

ከዚያ በእግር ወደ ሆቴሉ ሲሸኛት ነገራት። ከስድስት ዓመት በፊት ተማሪዎቹን ይዞ ወደ ወንዝ ወርዶ ነበር፤ የክፍል ሽርሽር ነው። አዳም የሚባል አሥራ ሰባት ዓመት የሞላው ልጅ፣ በሩጫ ከዞኑ አንደኛ የወጣ ልጅ፣ ረጋ ያለ ከመሰለው ከጥልቁ ገባ።

«ዘጠኝ ሜትር አይሆንም ርቀቱ» አለ አራጋው። «ኋላ በሜትር ለክቼዋለሁ። ቀበቶዬን ፈትቼ ወረወርሁለት፤ አልደረሰውም። ልጆቹ ‹ጋሼ ግባ፣ ጋሼ ግባ› ይሉኛል። እኔ ቆምሁ። የስፖርት መምህር ነኝ፣ ቆምሁ።»

ጀውሀራ በወሎ ሁሉም ለማጽናናት የሚለውን ቃል፣ «አብሽሩ» ብቻ አለችው።

የሕዝብ ስብሰባው የተጠራው በሳምንቱ ነው። አዳራሹ ሞልቷል። ጀውሀራ የመጀመሪያውን ንድፍ በፕሮጀክተር አሳየች፤ ሃምሳ ሜትሩን፣ ዐሥሩን መስመር፣ የተመልካቹን ደረጃ። ጭብጨባ ነበረ። አቶ ደባሱ ፊታቸው በራ። ከዚያ ከኋላ ረድፍ አንዲት ስልሳ ያለፋቸው ሴት ተነሡ፤ ነጠላቸውን አጣፍተው ያዙና ማይኩን ሳይጠብቁ ጀመሩ።

«አመተ ጊዮርጊስ እባላለሁ። የሰፈራችን ቦኖ ተራ አስከባሪ ነኝ። ውሃ የሚመጣልን በሳምንት ሁለት ቀን ነው። አሁን አንቺ ልጄ፣ ይሄ ያሳየሽን ገንዳ በጀሪካን ሲለካ ስንት ይይዛል?»

ጀውሀራ በልቧ አሰላች። ውሸት አልመጣላትም። «መቶ ሃያ አምስት ሺህ ጀሪካን።»

በአዳራሹ አንድ ሕፃን ብቻ ያስላል።

«መቶ ሃያ አምስት ሺህ» አሉ አመተ ጊዮርጊስ ቀስ ብለው። «እኔ ውሃ በመጣ ቀን ሁለት መቶ ነው የማሰልፈው። ለእሱም ይጣሉብኛል። ልጆቻችን አይዋኙ አላልሁም። ከየት ነው የምታመጪው ነው የምለው።»

«ጉድጓድ ይቆፈራል» አሉ አቶ ደባሱ።

«ሲቆፈር የኛ ምንጭስ? ወዴት ይሸሻል?»

ሁሉም ወደ ጀውሀራ ዞረ። «መልስ የለኝም፣ እማማ» አለች። «ሳስብበት ልክረም።»

አቶ ደባሱ ከስብሰባው ሲወጡ አላናገሯትም። ጀውሀራ ግን የሆቴሉን ዳገት ብቻዋን ስትወጣ እግሯ ቀሎላት ነበር። አፍራለች፤ ደግሞ ተደስታለች። ከዓመት ተመንፈቅ በኋላ አንድ ሰው እንደ ያሲር ፊት ለፊት «አይቆምም» አላት። ሆቴሉ ደርሳ ላፕቶፗን ከፈተችና ሃምሳ ሜትሩን አጠፋችው። ባንችይርጋ ተምሩን ስታመጣ ባዶ ስክሪን ላይ አፍጥጣ አገኘቻት።

«ተበላሸብሽ እንዴ?»

«አይ፣ ራሴ ነኝ ያጠፋሁት።»

ለሦስት ቀን ምንም አልመጣላትም። በአራተኛው ቀን ጠዋት ወደ ውቅር አብያተ ክርስቲያናቱ ወረደች። እንደ ማንኛውም ጎብኚ ልታይ ነበር የሄደችው። ከአንዱ ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ በተቆፈረው ቦይ ውስጥ ሰዎች በአካፋ ቅጠልና አፈር ያወጣሉ፤ በልጉ ሳይመጣ የሚደረግ ጽዳት ነው። የሚያዟቸው መሪጌታ ገብረ ሊባኖስ የሚባሉ ሽማግሌ ካህን ናቸው። መቋሚያቸውን ተደግፈው ቆመዋል።

«ምን ጠፋብሽ፣ ልጄ?» አሏት፣ ቦዩን ጎንበስ ብላ ስታይ።

«ውሃው ወዴት እንደሚሄድ ነው የማየው፣ አባ።»

ማን እንደሆነች ጠየቋት፤ ነገረቻቸው። ሙስሊም መሆኗንም ነገረቻቸው። «ግድ የለም፤ ውሃም አይመርጥም» አሉና ከአንዱ ሠራተኛ ጆግ ተቀብለው ግቢው ወለል ላይ ትንሽ ውሃ ጠብ አደረጉ። ወለሉ ለዓይን ልሙጥ ነው። ውሃው ግን ጥቂት አመነታና እንደ ክር ቀጥኖ ወደ ጥጉ ሄደ፤ ጥጉ ላይ ካለች ቀዳዳ ገባ።

«አየሽ? ደልዳላ ይመስላል፤ አይደለም። እዚህ የሚወርደው ጠብታ ሁሉ መሄጃ ተቆርጦለታል። የኔ ሥራ ቅጠሉን ማንሣት ነው። ሌላውን የሠሩት ጨርሰውታል።»

«ይሄ ሁሉ መጨረሻው የት ነው?»

«ወደ ታች። ወደ ወንዝ» አሉ መሪጌታ። «ድሮ የሚያጠራቅሙበትም ነበር ይባላል፤ እኔ ግን ሲፈስ ነው የማውቀው።»

ጀውሀራ እዚያው ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ማስታወሻዋን አወጣች። እስከ ቀትር ድረስ ሣለች። ጣራ ነበር የምትሥለው። ሁለት ሺህ ካሬ ሜትር የሚሆን ሰፊ ጣራ፣ ወደ መሐል የሚያዘቀዝቅ፤ በመሐሉ ትልቅ አሸንዳ፤ ከአሸንዳው ሥር፣ ከመጫወቻው ሜዳ ወለል በታች፣ ዓለቱ ውስጥ የተቆፈረ ማጠራቀሚያ። የላስታ ክረምት ሲወርድ ያ ጣራ ከሺህ ሜትር ኩብ በላይ ይሰበስባል። ገንዳው ግማሽ ሆነ፤ ሃያ አምስት ሜትር፣ አምስት መስመር፣ ከወዲህ ጫፍ ዘጠና ሳንቲ ጥልቀት፣ ከወዲያ አንድ ሜትር ከሰማንያ። ከመንገዱ በኩል ባለው ግድግዳ ስድስት ቧንቧ። ለሰፈሩ ነው። ማጠራቀሚያው ሲሞላ ቀድሞ የሚቀዳው ከዚያ ነው፤ ገንዳው የሚሞላው ከተረፈው።

ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት ጥሩ ነበሩ። የሴቶቹን ልብስ መለወጫ በር ከወንዶቹ በር አራቀችው፤ እናቶች ሴት ልጆቻቸውን ያለ ሐሳብ እንዲልኩ። መስኮቱን ከሰው ቁመት በላይ አደረገችው፤ ብርሃን እንዲገባ፣ ዓይን እንዳይገባ። የመጫወቻውን ሜዳ ሠርግና ስብሰባ እንዲይዝ አሰበችው። ሥራው በሁለት ዙር እንዲሆንም ወሰነች። መጀመሪያ ጣራው፣ ሜዳው፣ ማጠራቀሚያውና ቧንቧው፤ ሁለተኛ ገንዳው።

ኮሚቴው ፊት ስታቀርበው አቶ ደባሱ ወረቀቱን ገፋ አደረጉት። «ሃምሳ ብለን ነው የነገርን። አሁን ሃያ አምስት ብንል ሰው ምን ይለናል? ሌላ አርክቴክት የለም ብለሽ ነው?»

«አለ» አለች። «የቀድሞውን ንድፍ ሌላ ሰው ይፈርመው። እኔ አልፈርመውም።»

ይሄን ጠብቃ ነበር። ያልጠበቀችው አራጋውን ነው። ከጎኗ ይቆማል ብላ ነበር። እሱ ግን ሥዕሉን ገልጦ ገልጦ አየና ቀና አለ።

«ገንዳው ሁለተኛ?»

«ውሃው ሳይጠራቀም ገንዳ—»

«ሁለተኛ የተባለ ነገር እዚህ አገር ተሠርቶ አይተሽ ታውቂያለሽ?» ሥዕሉን ጠረጴዛው ላይ መለሰው። «መጀመሪያውን ሠርተው፣ ሪባን ቆርጠው፣ ይሄዳሉ። ልጆቼ እንጨት ላይ ተኝተው ያረጃሉ። የሆነውን ነግሬሽ ነበር። ሰምተሽኝ ነበር።»

«ሰምቼዎታለሁ፣ መምህር።»

«አልሰማሽኝም» አለና ወጣ።

ኮሚቴው ሁለት ቀን ተከራክሮ የእሷን ንድፍ ተቀበለ፤ አመተ ጊዮርጊስ የቦኖውን ሴቶች ሁሉ ይዘው መጥተው በር ላይ ተቀምጠው ስለነበር ነው ይላሉ። ጀውሀራ ግን ደስታው አልዘለቃትም። አራጋው ከዚያ ወዲያ ስልኳን አያነሣም። አንድ ቀን መንገድ ላይ አየችው፤ ወደ ሌላው ጎን ተሻገረ።

ዒድ የዋለው በዚያው ሳምንት ነው። ከከተማው ሙስሊሞች ጋር ሰገደች። ከሶላቱ በኋላ ሐምዲያ የምትባል ነጋዴ ሴት እጇን ይዛ «ቤታችን ትውያለሽ፣ ወላሂ አልለቅሽም» አለቻት። ጀውሀራ ሥራ አለብኝ ብላ አመለጠች። ሥራ አልነበረባትም። ሆቴል ተመልሳ በወንበሮቹ መካከል ተቀመጠችና ለምን እንዳልሄደች ራሷን ጠየቀች። ሰው ቤት ሄዶ ከልጆች መሐል መብላት፣ ሲመሽ ደግሞ ወደዚህ መመለስ፣ ያኛው ነው የከበዳት። በነጋታው ወደ አዲስ አበባ በረረች።

ግንባታው አሥራ ስምንት ወር ወሰደ። በየጥቂት ወሩ እየመጣች ታያለች፤ ሁለት ቀን፣ ሦስት ቀን፣ ትመለሳለች። አራጋው ያለው ሁሉ ደረሰ። ጣራው ቆመ፣ ማጠራቀሚያው ተሠራ፣ ሪባን ተቆረጠ። ገንዳው በአርማታ ተገንብቶ ቅርጹን ያዘ እንጂ ሴራሚኩም ማጣሪያውም የውሃ ማሞቂያውም አልመጣም። «በቅርቡ» ይባላል። አራጋውን ደግሞ ወደ ኮን ከተማ አዛውረውታል።

ክረምቱ ግን ጥሩ ክረምት ነበር። ማጠራቀሚያው ሞልቶ ተረፈ። በመስከረም ጀውሀራ የገንዳውን ፍተሻ ለማድረግ መጣች። አርማታው ውሃ ያፈስስ እንደሆነ ለማወቅ ሞልቶ ሰባት ቀን መተውና ምን ያህል እንደቀነሰ መለካት አለበት። ፍተሻው ሲያልቅ ውሃው በፓምፕ ወደ ማጠራቀሚያው ይመለሳል። ማጣሪያ በሌለበት ቆሞ ከቀረ ይሸታል።

የድሮው ሆቴል ተዘግቷል፤ ባንችይርጋም ወልድያ ልጇ ጋ ሄዳለች አሏት። አንዲት ትንሽ ፔንሲዮን ውስጥ አረፈች። በየጠዋቱ ወደ ሥራው ቦታ ትሄዳለች፤ በገንዳው ግድግዳ ላይ የተሰመረውን ልክ ታነባለች፤ አጠገቡ የተቀመጠውን ባልዲ ታነባለች። ባልዲው ፀሐይና ነፋስ ምን ያህል እንደሚወስዱ የሚታይበት ነው። ከዚያ ሌላ ሥራ የለም። ያ ሁሉ ውሃ አረንጓዴ መስሎ ዝም ብሎ ይተኛል። በሦስተኛው ቀን ስልኳን አውጥታ ወደ ኮን፣ ለአራጋው ደወለች። ያነሣል ብላ አልጠበቀችም።

«ጀውሀራ ነኝ፣ መምህር። ገንዳው ሞልቷል። ለሰባት ቀን ብቻ ነው፤ ከዚያ ይመለሳል።»

 ከጀርባው የደወል ድምፅ ይሰማል። «እመጣለሁ» አለ።

በአምስተኛው ቀን ደረሰ። ፀጉሩ ሸብቷል። ሰላም ተባባሉ፤ ስለ ድሮው ነገር ማናቸውም አላነሡም። ልኬቱ እስኪያልቅ ሰው መግባት እንደማይችል ስትነግረው ራሱን ነቀነቀና ጠርዙ ላይ ተቀመጠ። ሁለት ቀን እንዲሁ ተቀመጠ። ምሳ ታመጣለታለች፤ በልቶ ይመለሳል። አንዴ ብቻ፣ «ታቹ ይታያል። እዚያ ወንዝ ታቹ አይታይም ነበር» አላት።

ሰባቱ ቀን አልቆ በነጋታው ጠዋት ለካች። ባልዲው አምስት ሚሊ ሜትር ቀንሷል፤ ገንዳው ስድስት። አፍሷል አይባልም። ጻፈችና ፈረመች። «አልቋል» አለችው። «ፓምፑ በዘጠኝ ሰዓት ይነሣል።»

አራጋው ወደ ልብስ መለወጫው ገባና በቁምጣ ወጣ። ዘጠና ሳንቲው ጫፍ ላይ በደረጃው ወረደ። ውሃው ብርድ ነው፤ ትንፋሹን ሲስብ ከወዲያ ተሰማት። ወገቡ ድረስ ገባና ቆመ። ክንዶቹ የሚያውቁት ሁሉ ጠፋባቸው፤ ሁለት ጊዜ ዘረጋቸው፣ ሁለት ጊዜ ሰበሰባቸው።

«ሁሉን አውቀዋለሁ» አለ ጥርሱ እየተንቀጫቀጨ። «ግን ውሃው አይይዘኝም።»

ጀውሀራ ዋና ትችላለች። ያሲር ነው ያስተማራት፤ ሐዋሳ ላይ አንድ የሆቴል ገንዳ ሠርተው ሳይመረቅ በፊት፣ ሠራተኛው ሁሉ ለምሳ የወጣ ጊዜ። ጫማዋን አወለቀችና ጠርዙ ላይ ተቀመጠች።

«መዋኘቱን ይተዉት፣ መምህር። እጅዎን አያንሡ። ይንጋለሉ ብቻ። ጆሮዎ ውሃ ውስጥ ይግባ፤ አይፍሩ። ሆድዎን ከፍ፣ አገጭዎን ቀና። የተኙ ያህል።»

መጀመሪያ ሰመጠ፤ ውሃ ጠጥቶ እያሳለ ተነሣ። ሁለተኛም ሰመጠ። አመተ ጊዮርጊስ በዚህ መሐል ገቡ። ውሃው በእርግጥ ወደ ቦኖው እንደሚመለስ በዓይናቸው ሊያዩ ነው የመጡት። ቆመው እጃቸውን አጣምረው አዩት።

«ይሄ ሰውዬ ጤነኛ ነው?»

«ጤነኛ ናቸው፣ እማማ። ይጠብቁ።»

በሦስተኛው ጊዜ ውሃው ያዘው። ትከሻው ላላ፣ እግሩ ቀስ ብሎ ወደ ላይ መጣ፣ ያ ሁሉ ገላ በውሃው ላይ ተዘረጋ። ዓይኑን ከፍቶ ከላይ ወደ መስኮቱ ያያል። ጆሮው ውሃ ውስጥ ነው፤ ከንፈሩ ግን ይንቀሳቀስ ነበር። ለረጅም ጊዜ ተንቀሳቀሰ። ጀውሀራ ምን እንደሚል አልሰማችም፤ ልትጠይቀውም አልፈለገች።  አመተ ጊዮርጊስ ነጠላቸውን አወለቁና ለጀውሀራ ሰጧት።

«አውጪው፤ ይበርደዋል። ይሄን ይልበስ።»

በዘጠኝ ሰዓት ፓምፑ ተነሣ። ውሃው ሲወርድ ለማየት ሦስቱም ቆዩ። የቦኖዋ ሴት ወደ ውጭ ወጥተው የግድግዳውን ቧንቧ እየከፈቱ እየዘጉ ሞከሩ፤ እንደረኩ በድምፃቸው ያስታውቅ ነበር፤ በር ላይ ለተሰበሰቡት ተራ መጥራት ጀመሩ።

በማግሥቱ ጀውሀራና አራጋው በአንድ ሚኒባስ እስከ መገንጠያው ጋሸና መጡ። መንገዱ ክፍት ነበረ፤ እሷ ወደ ወገል ጤና፣ እሱ ወደ ኮን። ጋሸና ላይ የከባድ መኪና ሾፌሮች ከሚበሉበት አንድ ቤት ገብተው ሻይና ዳቦ አዘዙ። ደመና መሬት ለመሬት ይሄዳል።

«ሁለተኛ ይባላል፣ አይሠራም ስልሽ ልክ ነበርሁ» አለ።

«ነበሩ።»

«ማጣሪያው ይመጣል?»

«አላውቅም። እየጻፍሁ ነው። ኢንሻአላህ።»

ራሱን ነቀነቀ። ዳቦውን ቆርሶ ትልቁን ወደ እሷ ገፋው። «ማን አስተማረሽ፣ እንዲያ መንጋለሉን?»

«ባለቤቴ።»

«አለ?»

«የለም። ሦስት ዓመት ሊሆነው ነው።»

«ነፍሱን ይማር» አለ አራጋው።  ሻዩ እስኪያልቅ ሁለቱም አልተነሡም።

«ኮን! ኮን! አንድ ሰው!» ሲል ረዳቱ ከበር ጮኸ። አራጋው ቦርሳውን አነሣ። እጅ ነሣት፤ እጇን በሁለት እጁ ጨብጦ ትንሽ አቆያትና ሮጠ። ሚኒባሱ በሩን ሳይዘጋ ተነሣ።

የወገል ጤናው መኪና ከመንገዱ ማዶ ቆሟል። ጀውሀራ ተሻግራ መስኮት አጠገብ ተቀመጠች። ከእሷ በቀር ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩበት፤ አንዱ ተኝቷል። ለእናቷ ደወለች፤ ኔትወርክ የለም። ጋቢዋን ተከናንባ መጠበቅ ጀመረች። መኪናው እስኪሞላ ገና ዘጠኝ ሰው ይቀር ነበር።